ምዕራፍ ስድስት፦ አንድ መስመር ለሁለት ኮምፒውተር

ወደ ቤት የሚገባው የኢንተርኔት መስመር አንድ ነው፤ በመዳብ የስልክ ሽቦም ይምጣ በፋይበር። ዴስክቶፑ ከጠረጴዛው አይነሳም፤ ላፕቶፑ ግን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ ይዞራል። ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት ድረ ገጽ ከፍተው ይሠራሉ። ይሁንና ዴስክቶፑ የጠየቀው ገጽ ተሳስቶ ላፕቶፑ ላይ አይወጣም፤ ላፕቶፑ የከፈተው ቪዲዮም ወደ ዴስክቶፑ አይሄድም። ከውጭ ለሚያያቸው ግን ሁለቱም የሚታወቁት በአንድ አድራሻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው። መስመር መጋራት ሲባል ብዙ ሰው ፍጥነቱ ለሁለት የሚቆረጥ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የመጋራት ሥራ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ ተራ ማስያዝና የማን ጥያቄ እንደሆነ መመዝገብ። ሁለቱንም የሚሠራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትንሹ ሳጥን፣ ራውተሩ ነው። ሥራውን የተረዳ ሰው ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ወይም ሲቆራረጥ ባለሙያ ከመጥራቱ በፊት ችግሩ የት ጋ እንዳለ ራሱ ይለያል።

አድራሻው ለምን አንድ ሆነ

ኢንተርኔት ላይ መልእክት የሚለዋወጥ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። ዛሬም በሰፊው የምንሠራበት አራተኛው የአድራሻ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ አድራሻው በ32 ቢት እንዲጻፍ ተወሰነ። ይህ ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጋ አድራሻ ይሰጣል። በዚያ ዘመን ኔትወርኩ ላይ የነበሩት የዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና የአሜሪካ መከላከያ ኮምፒውተሮች ስለነበሩ ቁጥሩ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ኮምፒውተር ወደየቤቱ መግባት ሲጀምር ግን አድራሻው እንደማይበቃ መሐንዲሶቹ ገባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ኬልድ ኤጌቫንግና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ሰነድ አወጡ። ሐሳባቸው በአንድ አካባቢ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት የውስጥ አድራሻ ይኑራቸው፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን በሩ ላይ ያለው መሣሪያ የውስጡን አድራሻ በውጭው ይቀይርላቸው የሚል ነበር። ባለሙያዎች ይህን አሠራር ኤን.ኤ.ቲ. ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚውሉ አድራሻዎች በይፋ ተለዩ። በ10 የሚጀምሩት በሙሉ፣ በ172 ከሚጀምሩት ከፊሎቹ፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት 65,536 አድራሻዎች የማንም አይደሉም። ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን መንገድ የላቸውም። የእርስዎ ላፕቶፕና የጎረቤትዎ ላፕቶፕ ሁለቱም 192.168.1.12 ቢባሉ ምንም ግጭት የማይፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘዴው ጊዜ ገዛ እንጂ እጥረቱን አላስቀረውም። የመላው ዓለም የአድራሻ ክምችት የመጨረሻ ጥቅሎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍለው አለቁ። ስለዚህ አንድ የቤት ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎት ሰጪው ቢበዛ አንድ የውጭ አድራሻ ያገኛል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እሱን ይጋራል።

መዝገብ ቤቱ

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የቱንም ያህል ሠራተኛ ቢኖረው ፖስታ ሣጥኑ አንድ ሊሆን ይችላል። ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከየትኛው ክፍል እንደወጣም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። መልስ የሚጽፈው ወገን «በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ» ብሎ ይጠቅሳል። መልሱ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ ቁጥሩን አይቶ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ራውተሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

አንድ ጥያቄ ከላፕቶፑ ተነሥቶ እስኪመለስ እንከተለው። ላፕቶፑ 192.168.1.12 ነው እንበል፤ የቤቱ የውጭ አድራሻ ደግሞ 203.0.113.25። ላፕቶፑ አንድ የዜና ገጽ ሲከፍት ጥያቄውን በራሱ አድራሻና ፖርት በሚባል ቁጥር፣ ለምሳሌ በ51514፣ ይልካል። ራውተሩ ጥያቄውን ተቀብሎ የላኪውን አድራሻ በ203.0.113.25 ይተካዋል፤ ፖርቱንም 40021 ያደርገዋል። ወዲያው በማስታወሻው ላይ «40021 የ192.168.1.12፣ ፖርት 51514 ነው» ብሎ ይይዛል። የዜናው ድርጅት ኮምፒውተር ስለ ላፕቶፑ የሚያውቀው ነገር የለም። መልሱን ለ203.0.113.25፣ ፖርት 40021 ይልካል። ራውተሩ መዝገቡን ያያል፤ የተቀባዩን አድራሻ ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ለላፕቶፑም ያደርሳል።

በዚያው ቅጽበት ዴስክቶፑ ከ192.168.1.11 ተነሥቶ ያንኑ ገጽ ቢጠይቅ፣ በአጋጣሚ ያንኑ 51514 ቁጥር ቢጠቀም እንኳ፣ ራውተሩ 40022 ይሰጠዋል። ሁለቱ መልሶች አይምታቱም። ፖርት በ16 ቢት የሚጻፍ ስለሆነ 65,536 ቁጥሮች አሉ፤ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ንግግሩ ሲያበቃ፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ዝም ከተባለ፣ ምዝገባው ይሰረዛል።

ዴስክቶፑን 11፣ ላፕቶፑን 12 ያደረገውስ ማን ነው? እሱም ያው ሳጥን ነው። አንድ መሣሪያ ኬብል ሲሰካ ወይም ዋይፋይ ሲይዝ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ራውተሩ ነጻ የሆነ ቁጥር መርጦ ለተወሰነ ጊዜ ያውሰዋል፤ ጊዜው ከማለቁ በፊትም መሣሪያው ያሳድሳል። ይህ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የሚባለው አሠራር ነው። ስለዚህ በተለምዶ «ዋይፋዩ» የምንለው ሳጥን በውስጡ አራት ሠራተኛ አለው፤ ከመስመሩ የሚመጣውን ምልክት የሚተረጉም ሞደም፣ አድራሻ አዳይ፣ መዝገብ ያዥና ሬዲዮ። የትኛው እንደታመመ መለየት የጥገናው ግማሽ ነው።

ኮምፒውተሩ ራሱ በር ሲሆን

ራውተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ይህን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ኢንተርኔት የማጋራት አገልግሎት ይዞ መጣ። ዴስክቶፑ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይገጠማል፤ አንዱ ከሞደሙ፣ ሌላው ከሁለተኛው ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። አድራሻ መስጠቱንም መመዝገቡንም ዴስክቶፑ ይሠራል።

አሠራሩ ዛሬም አልሞተም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሞባይል ሆትስፖት» ተብሎ የተቀመጠው ማብሪያ በመሠረቱ ያው ነው። ዴስክቶፑ በኬብል ኢንተርኔት እያገኘ ከሆነና የዋይፋይ ካርድ ካለው፣ ለላፕቶፑ በአየር ያካፍለዋል። ዋይፋይ የሌለው ሞደም ላለው፣ ወይም ኢንተርኔቱ በዩኤስቢ ዶንግል ለሚመጣለት ሰው ጥሩ መውጫ ነው። ድካሙ ግልጽ ነው፤ ዴስክቶፑ ሲጠፋ፣ ሲያንቀላፋ ወይም አፕዴት ሲያደርግ ላፕቶፑም ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ በሩ የሆነው ዴስክቶፕ ግን የለውም።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚያጋጥም መሰናክል አለ። በአንዳንድ የቆዩ ሞደሞች የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ የሚገባው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ሞደሙ ምልክት ከመተርጎም ሌላ ሥራ የለውም። እንዲህ ባለ ቤት ሁለት ኮምፒውተር ለማገናኘት ርካሽ ስዊች ገዝቶ መሰካት በአብዛኛው አይረዳም። ስዊች ኬብል ያበዛል እንጂ አድራሻ አያበዛም፤ መዝገብም አይዝም። ቀድሞ የገባው ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሁለተኛው በር ላይ ይቀራል። የሚያስፈልገው የተጠቃሚ ስሙንና ፓስወርዱን በራሱ ላይ የሚይዝ ራውተር ነው።

ኬብል ለዴስክቶፑ፣ አየሩ ለላፕቶፑ

ዴስክቶፕ ስለማይንቀሳቀስ ኬብል ይገባዋል። ሮበርት ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ያፈለቀው ኢተርኔት እስከ ዛሬ የምንሰካው ኬብል መሠረት ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ይህም አብዛኛው ቤት ከሚገዛው የኢንተርኔት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኬብሉ ከዴስክቶፑ ይልቅ የሚጠቅመው ላፕቶፑን ሊሆን ይችላል። ዋይፋይ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በየተራ የሚናገሩበት ሬዲዮ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ደካማ ምልክት ይዞ በዝግታ የሚናገር መሣሪያ የሌሎቹን ጊዜ ይበላል። ዴስክቶፑ ወደ ኬብል ሲዛወር የእሱ ተራ ለላፕቶፑና ለስልኮቹ ይተርፋል። ለጥቂት ሜትር ኬብል የሚወጣው ገንዘብ፣ ከፍ ያለ ጥቅል ለመግዛት በየወሩ ከሚጨመረው ብር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣበት ቤት ብዙ ነው።

ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታም ይወስናል። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ነገር ግን በዚህ ሞገድ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የላይ ቤትም የታች ቤትም የጎን ቤትም ዋይፋይ ስላለው ሦስቱ ቻናሎች ይጨናነቃሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ ያውካል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ሰፊና ፈጣን ነው፤ የኮንክሪት ግድግዳ ግን ቶሎ ያዳክመዋል። ላፕቶፑ ራውተሩ ባለበት ክፍል ሲሆን 5ን፣ ሁለት ግድግዳ ሲያልፍ 2.4ን መምረጥ ያዋጣል። ሳጥኑ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤቱ መሐል ቢቀመጥ ይመረጣል።

ፍጥነቱ እንዴት ይከፈላል

በመጀመሪያ ሒሳቡን እናጥራ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። 1,500 ሜጋባይት የሆነ ፊልም 20 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፤ ያውም መስመሩ ሙሉ ፍጥነቱን ከሰጠ።

ዴስክቶፑም ላፕቶፑም እኩል ትልቅ ፋይል ቢያወርዱ እያንዳንዱ ግማሽ ገደማ ያገኛል። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሰው የተከፈተ ገጽ እያነበበ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት መስመሩን አይነካውም፤ ላፕቶፑ ሙሉውን ይወስዳል። መረጃ የሚጓዘው እሽግ እሽግ ሆኖ ነው፤ አንዱ እሽግ መጠኑ ከ1,500 ባይት ብዙም አያልፍም። መስመሩ ላይ ያለው ተራ በየእሽጉ ስለሚቀያየር፣ ዝም ያለ ኮምፒውተር ምንም አይወስድም።

ብዙ ቤተሰብ የሚበሳጭበት ዝግመት የሚመነጨው ከመላኪያው በኩል ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. መስመር ከአሠራሩ መቀበያው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ነው። ላፕቶፑ የስልክ ፎቶዎችን ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር መላኪያው ይሞላል። ዴስክቶፑ ምንም ነገር ባይልክም ይጎዳል፤ ምክንያቱም ፋይል የሚያወርድ ኮምፒውተር «ይህን ያህል ደርሶኛል» የሚል አጭር ማረጋገጫ እየላከ ነው የሚቀጥለውን የሚቀበለው። ማረጋገጫው ከፎቶዎቹ ኋላ ከተሰለፈ ላኪው ወገን ይጠብቃል፤ መቀበያው ባዶ ሆኖ ሳለ ገጹ አልከፍት ይላል።

ሰልፉን የሚያስረዝመው ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ነው። ጂም ጌቲስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 የገዛ ቤቱ ኢንተርኔት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ሲመረምር፣ ሞደሞችና ራውተሮች ከልክ ያለፈ እሽግ በማስታወሻቸው እንደሚያከማቹ አወቀ፤ ክስተቱንም በፈርብሎት አለው። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ሰልፉን የሚያሳጥር ዘዴ አቀረቡ። ዛሬ አንዳንድ ራውተሮች ይህን ዘዴ ይዘው ይመጣሉ። በሴቲንጉ ውስጥ «ኪው.ኦ.ኤስ.» ወይም «ኤስ.ኪው.ኤም.» የሚል ካለ ከፍቶ መሞከር ይገባል። ከሌለም መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፎቶና የፋይል ጭነቱን ወደ ሌሊት ማዛወር፣ ወይም ፕሮግራሙ ላይ የመላኪያ ፍጥነቱን መገደብ።

ዴስክቶፑና ላፕቶፑ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ከዴስክቶፑ ወደ ላፕቶፑ የሚገለበጥ ፋይል፣ ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ ፕሪንተር የሚላክ ገጽ ራውተሩ ጋ ደርሶ እዚያው ይታጠፋል። ወደ ውጭው መስመር አይወጣም፤ ከዳታ ጥቅልም አይቆጠርም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል። ትልልቅ ፋይል በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለራሱ እየላከ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው መስመሩን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፤ አንድ ጊዜ ሲጭን፣ አንድ ጊዜ ሲያወርድ።

ቁልፉ በእጅዎ ይሁን

ያልተጠበቀ መልእክት ከውጭ ሲመጣ መዝገቡ ላይ ቁጥር ስለሌለው ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅምና ይጥለዋል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በዋይፋይ የገባ ሰው ቀድሞውኑ ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው የዋይፋይ መቆለፊያ ዌፕ ይባል ነበር። ስኮት ፍሉህረር፣ ኢትሲክ ማንቲንና አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ2001 እንደሚሰበር አሳዩ። ዛሬ መመረጥ ያለበት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው ደብሊው.ፒ.ኤ. 2፣ ወይም በ2018 የመጣው ደብሊው.ፒ.ኤ. 3 ነው። ደብሊው.ፒ.ኤስ. የሚባለው ባለ 8 አኃዝ የአቋራጭ መግቢያ ግን መዘጋት አለበት። ስምንቱ አኃዝ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ለየብቻ ስለሚረጋገጥና የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ ስለሚገኝ፣ ከመቶ ሚሊዮን ሙከራ ይልቅ 11,000 ሙከራ እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጋልጧል። ይህ ለፕሮግራም የሰዓታት ሥራ ነው።

ከዋይፋይ ፓስወርዱ ሌላ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ አለ፤ የሳጥኑ የራሱ መግቢያ። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ከነተለጠፈበት ፓስወርድ ለዓመታት ይኖራል። እሱን የያዘ ሰው መዝገቡን ራሱን መቀየር ስለሚችል፣ ከዋይፋዩ ፓስወርድ ቀድሞ መቀየር ያለበት እሱ ነው።

ሲበላሽ ከየት እንጀምር

ኢንተርኔት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁለቱም ላይ ነው ወይስ አንዱ ላይ?» የሚለው ነው። ሁለቱም ላይ ከጠፋ ችግሩ ያለው ሳጥኑ ወይም መስመሩ ጋ ነው። ዴስክቶፑ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ ካጣ መስመሩ ደህና ነው፤ ምርመራው ወደ ዋይፋዩና ወደ ላፕቶፑ ይዞራል። ሁለት ኮምፒውተር ያለው ቤት በዚህ ዕድለኛ ነው፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ቀጥሎ የታመመውን ኮምፒውተር አድራሻ ማየት ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም፤ ቸግሮት ለራሱ አወጣ ማለት ነው። ኬብሉ ወይም የዋይፋይ ግንኙነቱ ይታይ፤ ሳጥኑም ጠፍቶ ይብራ። በ192.168 የሚጀምር ትክክለኛ አድራሻ ይዞ ገጽ ካልከፈተ ግን የቤት ውስጡ ግንኙነት ጤናማ ነው፤ ችግሩ ከሳጥኑ ወዲያ ወዳለው መስመር ወይም ስም ወደ አድራሻ ወደሚመነዝረው አገልግሎት ያመለክታል።

ሌላው የተለመደ ብልሽት የሚመጣው ዋይፋዩ ሩቅ ክፍል እንዲደርስ ሁለተኛ ራውተር ሲጨመር ነው። ሁለቱም ሳጥኖች አድራሻ ያድላሉ፤ ሁለቱም መዝገብ ይይዛሉ። ዴስክቶፑ ከአንደኛው፣ ላፕቶፑ ከሁለተኛው ሥር ሲሆን ኢንተርኔት ሁለቱም ጋ ይኖራል፤ ላፕቶፑ ግን የዴስክቶፑን ፕሪንተር በዝርዝሩ ላይ አያገኘውም። መፍትሔው በሁለተኛው ሳጥን ላይ አድራሻ ማደሉን ማጥፋት፣ የራሱንም አድራሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ መለወጥ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው የሚመጣውን ኬብል ለውጭ መስመር ከተለየው ቀዳዳ አውጥቶ ከተራዎቹ በአንዱ መሰካት ነው።

ለመብራት መቆራረጥም መላ አለው። በብዙ አገሮች ወደ ቤት የሚገባው የፋይበር መስመር በማዕከሉና በቤቱ መካከል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለውም። ማዕከሉ መብራት እስካለው ድረስ ቤት ውስጥ ያለውን ሳጥን በትንሽ የራውተር ባትሪ ማቆየት ላፕቶፑን ኢንተርኔት ላይ ያቆየዋል። ባትሪው ሲገዛ የሚያወጣው ቮልት ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ።

ወደፊት

አድራሻ መጋራት ከቤት አልፎ ወደ አገልግሎት ሰጪዎችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በ100.64 የሚጀምር የአድራሻ ክልል ለኩባንያዎች የውስጥ አገልግሎት ተለይቷል። ራውተርዎ የውጭ አድራሻዬ ብሎ የሚያሳየው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ጥያቄዎ በሁለት መዝገብ ቤት ያልፋል። ለማንበብና ቪዲዮ ለማየት አያውክም፤ ከቢሮ ሆኖ ቤት ያለውን ዴስክቶፕ በቀጥታ ለመክፈት ግን መንገዱ ይዘጋል።

ስድስተኛው የአድራሻ ሥርዓት በ128 ቢት ስለሚጻፍ ለዴስክቶፑም ለላፕቶፑም ለየራሳቸው የውጭ አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ አድራሻ መቀያየሩ ይቀራል፤ ያልተጋበዘ እንግዳን የሚመልሰው ፋየርዎል ግን ይበልጥ ያስፈልጋል። መስመሩም ቢሆን ያው አንድ ነው፤ ተራ መጠበቁ አይቀርም።

ለመስመሩ በየወሩ የሚከፍል ቤተሰብ የሳጥኑ ባለቤት እንደሆነ ሊሰማው ይገባል። ዛሬውኑ በዴስክቶፑ የሳጥኑን ገጽ ከፍተው ከዋይፋዩ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያንብቡ። የማያውቁት ስም ካለ የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ። የሳጥኑን የራሱን መግቢያ አዲስ ያድርጉ፤ ደብሊው.ፒ.ኤስ. ይዝጉ፤ ዴስክቶፑን በኬብል ያገናኙ። ከዚህ በኋላም ዝግመቱ ከቀጠለ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ሲደውሉ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጣርተው፣ ችግሩ ከሳጥኑ ወዲያ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር ይችላሉ።